በሐራዙ ዛፍ ሥር የተቆጠሩ ክፍሎች

ሰኞ፣ መጋቢት 26

ረቂቁ ከካርቱም መጣ! አሥራ አራት ገጽ ነው። አራት ጊዜ አነበብኩት፤ ሦስቱን ለሥራ፣ አንዱን ለገዛ ደስታዬ። ርእሱ «የኡም ሐራዝ ከተማ ምክር ቤት ሥልጣንና ገንዘብ» ይላል። የኛዋ ኡም ሐራዝ! ባቡር እንኳ ውሃ ሊጠጣ ብቻ የሚቆምባት ከተማ ዛሬ ስሟ በትልልቅ ፊደል ታተመ። ከግርጌው ደግሞ «ጸሐፊ፦ ታጀሲር አፈንዲ» የሚል አለ። እሱ እኔ ነኝ፤ አፈንዲ የሚሉኝም የተማረ ነው ብለው ነው። አሥራ ስድስት ዓመት ፖስታ ቤት ቴምብር ስልስ የኖርኩት ሰውዬ።

ገበያው የኛ ሆነ። ቄራው፣ ጉድጓዱ፣ የመንገዱ ጽዳት፣ የአባይ መሻገሪያው፣ ሁሉም የኛ። የመጨረሻው አንቀጽ ብቻ ነው ቅድመ ሁኔታ ያለበት፤ እሱን የአውራጃው ገዥ ሚስተር ፔልሃም ራሳቸው አስረዱኝ። የቤት ግብር መዝገብ ተሟልቶ ይቅረብ፤ በዓመት ቢያንስ ሰባት መቶ ፓውንድ የሚያስገባ ይሁን፤ እውነተኛ ለመሆኑ ጸሐፊው ይማልበት። ይህ እስከ በጀት ዓመቱ መጨረሻ፣ እስከ ሰኔ 23 ከሆነ ካዝናው የምክር ቤቱ ይሆናል። ካልሆነ እዚያው ገዥው ቢሮ ይቀራል። እኛም ለአንድ መጥረጊያ እጃችንን ዘርግተን ደጅ እንደጠናን እንኖራለን። ባለፈው ዓመት የጉድጓዱ ገመድ ቢበጠስ የመግዣው ፈቃድ እስኪመጣ አርባ ቀን ጠበቅን። በአርባ ቀን ሐዘንተኛ እንኳ ሐዘኑን ይተዋል።

ለባቱል ነገርኳት። የልጄን የረውዳን ቀሚስ እየሰፋች ነበር።

«ሥልጣን ሰጥተው ገንዘቡን ካስቀሩት፣ አንበሳ ሰጥተው ጥርሱን እንዳስቀሩት ነው» አለች።

ሚስቴ ምክር ቤት ብትገባ ብዙ ሰው ሥራ ይፈታ ነበር።


ሐሙስ፣ መጋቢት 29

የመጀመሪያው ስብሰባ። አሥራ ሁለት አባላት፣ አሥራ አንድ ወንበር። ሊቀ መንበራችን ሼህ ሐሰበረሱል «እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ መቆም ይቀናኛል» ብለው ዱላቸውን ተደግፈው መሩት። እንዲህ ያለ ሰው ነው ሊቀ መንበር ማለት።

ግብሩ በክፍል እንዲሆን ተስማማን፤ ለአንድ ክፍል በዓመት ሃምሳ ቂርሽ፣ ማለት ግማሽ ፓውንድ። ክፍሉን ማን ይቁጠረው የሚለው ላይ ግን ቤቱ ተናወጠ። ሚስተር ፔልሃም «ከካርቱም ሁለት ቆጣሪዎች አስመጣለሁ፤ በየግቢው እየገቡ ይቆጥራሉ» አሉ።

አወደልከሪም ዘሎ ተነሣ። የአጎቴ ልጅ ነው፣ የማሽላ ነጋዴ፣ የምክር ቤቱ ሀብታም። «የማን ልጅ እንደሆነ የማናውቀው ሰው ሴቶቻችን ግቢ ገብቶ ጣቱን እየቀሰረ ሊቆጥር? ከዚያስ ሚስቴን ከስንተኛው ክፍል ሊጽፋት ነው?»

ያኔ እኔ ተነሣሁ። አፌን ማን እንደከፈተው አላውቅም። «ክቡራን፣ ማንም ግቢ አይገባም። አባወራ ሁሉ በሐራዙ ዛፍ ሥር ይምጣና በጎረቤቶቹ ፊት ክፍሉን ራሱ ይናገር። ጎረቤት እየሰማው የሚዋሽ አለ?»

አዳራሹ በጭብጨባ ቀለጠ። አወደልከሪም እንኳ በሁለት ጣቱ መታ መታ አደረገ።

ሚስተር ፔልሃም ሣቁ። «ታጀሲር አፈንዲ፣ ግብር በመጣ ጊዜ ሰው ቤተ መንግሥቱን ጎጆ ነው የሚለው። ሦስት አገር ሠርቻለሁ፤ ሦስቱም ላይ አይቻለሁ።»

«እኛን ገና አላዩንም» አሉ ሼኹ።


ሰኞ፣ ሚያዝያ 3

ቸኩያለሁ። ፀሐይ ሳትወጣ የጀመረ ሰው እስከ አሥር ሰዓት አላለቀም። ሁለት ጠርሙስ ቀለም። ጣቶቼ ደንዝዘዋል።

መጀመሪያ የመጣው አወደልከሪም። ነጭ ጀለቢያ፣ እንደ ሠርግ ቀን የተጠመጠመ ጥምጥም። ድምፁን ከፍ አድርጎ፦ «ስምንት ክፍል። የእንግዳ መቀበያ ዲዋኑን ጨምሮ።» ሰዉ «ማሻ አላህ» አለ። ከዚያ ወደኔ ዞሮ፦ «አንተስ የአጎቴ ልጅ? ወይስ ጸሐፊ ቤት የለውም?»

ሣቁ። ሁሉም ሣቁ።

ሁለተኛው መስመር ላይ ጻፍኩ፦ ታጀሲር፣ አምስት፣ ዲዋኑን ጨምሮ።

(የማገዶዋ ቤት ትንሽ ብትጠገን ክፍል ናት። የዲዋኑም ቦታ አለ። ቦታው ካለ አለ ማለት ነው።)

ከዚያ በኋላ ጎርፉ መጣ። ጸጉር ቆራጩ «ሦስት» አለኝ። ከኋላው ያለው «ወንድምህ አራት ብሎ ሄደ እኮ!» አለው።

«አራት ነው ያልኩት። ጆሮህን ታጠብ።»

ጀልባ የሚያሻግረው አደም «አራት» አለ። አማቱ ይሆናሉ የሚባሉት ሰውዬ ከኋላው ቆመው ነበር። አደም አራት ክፍል ሲኖረው አላውቅም ነበር። የሰው ቤት መቼ ይታወቃል።

ባቄላ ሻጯ ሐጃ ዳረሰላም ባል ስለሌላቸው ራሳቸው መጡ። «አንድ» አሉ። «በዝናብ ጊዜ ግማሽ። ይኼንንም ጻፈው።»

ሰዉ በሣቅ ወደቀ። እኔም ሣቅሁ። ለምን እንደሣቅሁ እንጃ።


ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 8

ደምሬ ጨረስኩ። አራት መቶ አሥራ አንድ አባወራ፣ ሁለት ሺህ አንድ መቶ ስድስት ክፍል። አንድ ሺህ ሃምሳ ሦስት ፓውንድ! የተጠየቅነው ሰባት መቶ ነበር።

ሚስተር ፔልሃም ወረቀቱን አገላበጡት፣ መነጽራቸውን ጠረጉ፣ እንደገና አገላበጡት። «በሦስት አገር...» ብለው ጀመሩና ተዉት። ተነሥተው ጨበጡኝ። ግራ ቀኝ ሳይሆን ቀጥ ብለው ዓይኔን እያዩ ነው የጨበጡኝ። ለካርቱም ስለኛ ይጽፋሉ። ምናልባት ሌሎች ከተሞች የዛፉን ዘዴ ይቀዱ ይሆናል። «የታጀሲር ዘዴ» ቢሉት አልከለክልም።

ከአባቴ ሞት ወዲህ እንዲህ አንገቴ ቀና ብሎ አያውቅም። ኩራቴን ሰው ይይልኝ ብዬ ወደ ቤት በዋናው መንገድ በኩል ዞሬ ሄድኩ።

ባቱል ራት ስታቀርብ፦ «የረውዳ አባት፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ነገ እናቴ ትመጣለች። አምስተኛው ክፍል ላይ ላስተኛት አስቤ ነበር። የት ነው?»

ተነሥቼ መብራቱን አጠፋሁ። ሥራ ደክሞኝ ነበር።


ማክሰኞ፣ ግንቦት 2

ሚስተር ፔልሃም ምክር ቤቱን አስደነቁት። ሰኔ አጋማሽ ላይ፣ በመዝገቡ ላይ የሚቀርበው ቅሬታ መስሚያ በሚዘጋበት ቀን፣ ራሳቸው መጥተው ከተማዋን ይጎበኛሉ። ፎቶግራፍ ያነሣሉ። «በዲዋኖቻችሁ እየተዘዋወርኩ ሻይ ብጠጣ ደስ ይለኛል» አሉ። እግዜር ይስጣቸው፣ ከልባቸው ነው የተናገሩት።

 አሥራ ሁለት ሰው አሥራ ሁለት ጣሪያ አየ።

«ክብር ነው» አለ አወደልከሪም። ላብ ግንባሩ ላይ ነበር። ሙቀት ነው።


ረቡዕ፣ ግንቦት 10

ከተማው እየገነባ ነው! የጡብ ዋጋ እጥፍ ሆነ። ጠዋት አንዱ ሰፈር «ነፊር» ተብሎ ለደቦ ይጠራል፤ ሰዉ ሁሉ ወጥቶ ጭቃ ያቦካል፣ ይመርጋል፣ የቤቱ ጌታ የአስዳ ገንፎና ወጥ ያበላል። ከሰዓት ደግሞ ሌላው ሰፈር። ማንም ለምን እንደሚገነባ አይናገርም። አንዱ «ልጄን ልድር ነው» ይላል፣ ሌላው «አይጥ አስቸገረኝ» ይላል። አይጥ ያስቸገረው ሰው ዲዋን ይሠራል?

ሚስተር ፔልሃም በፈረስ ሲያልፉ ቆመው አዩ። «ምክር ቤት ከመጣ ወዲህ ከተማዋ ነቃች» አሉኝ። ነቅታለች። አልዋሹም።

እኔም የዲዋኑን ቦታ ጭቃ አስይዤዋለሁ። በዱቤ ነው። እንግዳ ቢመጣ ፀሐይ ላይ ከሚተኛ ብዬ ነው። ባቱል አየችና «ይሄ ግድግዳ ቸኩሏል፤ ሥሩ ደረቅ አይደለም» አለች። ግንብ ነሺ ናት እንዴ?


ዓርብ፣ ግንቦት 19

አደም ጀልባውን ሸጠ።

ከጁምዓ ሶላት ስንወጣ ሰማሁ። ሁለት ምሰሶና ሦስት መቶ ጡብ ገዛባት። ጀልባዋን የገዛው አወደልከሪም ነው። አደምን በወንዙ ዳር አየሁት፤ ለአዲሱ ባለቤት ተቀጥሮ በገዛ ጀልባው ላይ በቀን ሥራ ይቀዝፋል።

«ለምን?» አልኩት።

«አፈንዲ፣ አንተ አይደለህ አራት ብለህ የጻፍከኝ?»

«አንተ ነህ ያልከው እንጂ!»

«እኔ ያልኩትማ ነፋስ ነው። አንተ የጻፍከው ነው የቀረው።»

 የገዛ ራሱ ሥራ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ራት አልበላሁም። 


ሐሙስ፣ ግንቦት 25

አቧራው መጣ፣ ከኋላው ዝናቡ። ዘንድሮ ቀደመ። የኔ ግድግዳ ወደቀ። የወደቀው ረውዳ ከሰዓት ላይ የምትተኛበት አልጋ ላይ ነው። ልጅቷ አያቷን ልትሸኝ ሄዳ ነበር።

አልጋው ሁለት ቦታ ተሰብሯል።

ሌላ አልጽፍም።


ሰኞ፣ ሰኔ 6

ቅሬታ መስማት ከጀመርን አምስት ቀን ሆነ። ሕጉ ይፈቅዳል፤ ቤቴ በዝቶ ተጽፏል የሚል መጥቶ ያስቀንስ። ጠረጴዛው ከዛፉ ሥር ነው፤ እኔ፣ ሼኹና መዝገቡ። አንድም ሰው አልመጣም። በፊታችን ያልፋሉ፣ «ሰላም አለይኩም» ይላሉ፣ ፍጥነት ይጨምራሉ።

ሐጃ ዳረሰላም መጥተው ተቀመጡ።

«ሐጃ፣ ቅሬታ አለዎት?» አሏቸው ሼኹ።

«የለኝም። ማን እንደሚመጣ ልይ ብዬ ነው።» እስከ ቀትር ጠበቁ። ሲነሡ፦ «ወንድ ክፍሉን የሚቀንሰው ሲሞት ነው፤ ያኔ አንዲት ጠባብ ትበቃዋለች» ብለው ሄዱ።

ሼኹ ረጅም ሣቁ። ከዚያ ሳይሣቁ፦ «ታጀሲር፣ ሰኔ 23 የሚምለው ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«እህ። እኔስ ዓይኔ ደክሟል፣ ማንበብ ትቻለሁ። አንተ ግን ታነባለህ።»

ማወቅ ያውቃሉ። ያኔም ከመጀመሪያው ያውቁ ነበር ማለት ነው። ታዲያ ለምን ዝም አሉ?


ሐሙስ፣ ሰኔ 9

ሻይ ቤት። ጀርባዬን ሰጥቼ ተቀምጫለሁ፤ ከኋላዬ ሁለት ድምፅ።

«እኔ ልቀንስ አስቤ ነበር። ግን ጸሐፊው ራሱ አምስት ብሎ ሦስት ውስጥ እያደረ፣ እኔን ማን ሞኝ አደረገኝ?»

«ዲዋኑስ?»

«ዲዋኑማ በዝናብ ታጠበ። አባይ ይዞት ግብፅ ደርሷል።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ። ከተማው ሁሉ የሚያወራውን የመጨረሻ የሰማሁት እኔ ነኝ። ሻዬን ሳልጨርስ ወጣሁ። የጨረስኩ እንዲመስል ብርጭቆውን በማስቀመጫው ላይ ደፋሁት።


እሑድ፣ ሰኔ 12

ከባቱል ጋር ተነጋገርን። ልክ ነው፣ ተጣላን።

ተከራከርኳት መጀመሪያ። ክፍል ማብዛቱን ሰው ሁሉ እንዳደረገው፣ ክፋት እንደሌለው፣ ሕዝቡ ራሱን ከፍ አድርጎ ማየቱ ለመንግሥትም ጥሩ እንደሆነ ነገርኳት። የተሰበረውን አልጋ በገመድ እየጠፈረች ሰማችኝ።

«ጨረስክ?»

«ጨረስኩ።»

«አወደልከሪም ከፊትህ ቆሞ ስምንት ባይል ኖሮ ስንት ትል ነበር?»

«እሱ ምን አገባው?»

«ይኸው ነው የምጠይቅህ። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ሁለታችሁም አባቴ ደጅ ሽማግሌ ልካችሁ ነበር። እሱ ያኔም ሰባት ክፍል ነበረው። እኔ አንተን ስል ክፍል ቆጥሬ ነው?»

 አሥራ አንድ ዓመት ይህን አንስታ አታውቅም። እኔም አልጠየቅኋትም። ለምን እንዳልጠየቅሁ ለዚህ ደብተር መንገር አያስፈልገኝም።

«በሰው ፊት ከቀነስኩ» አልኳት፣ «ጸሐፊነቴም አብሮ ይቀንሳል። ምክር ቤቱም መሣቂያ ይሆናል።»

«ካልቀነስክስ? አላህን ይዘህ ትምላለህ። በምክር ቤት ስም የመጀመሪያው የተጻፈ ነገር ውሸት ይሆናል ማለት ነው። ከሱ ቀጥሎ የሚጻፈውን ማን ያምናል? ጉድጓድ ጠለቀ ብትል፣ መንገድ ተሠራ ብትል?»

አልጋውን ጠፍራ ጨረሰች። ቁጭ ብላ ሞከረችው። ያዘ።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ያን ቀን አምስት ልል ባሰብኩ ጊዜ ለራሴ መስመር ብዕሩን ገና አልነከርኩም ነበር እኮ። ከመንከሬ በፊት አንድ ትንፋሽ የሚያህል ጊዜ ነበረኝ።


ረቡዕ፣ ሰኔ 15

ሳልረሳ ሁሉንም ልጻፍ።

የመጨረሻው ቀን ነው። ሚስተር ፔልሃም ካሜራቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው መጥተው ጠረጴዛው አጠገብ ተቀመጡ፤ ከዚህ ቀጥሎ ዲዋን መጎብኘት ነው። ሰዉ ሊሸኛቸው በሚል ሰበብ ወጥቷል። ሦስት መቶ ሰው ይሆናል። አወደልከሪም ከፊት።

ሼኹ ዱላቸውን መቱ። «ቅሬታ ያለው?» ዝም። «ሁለተኛ ጊዜ እጠይቃለሁ።» አንዱ ሕፃን አለቀሰ፣ አስወጡት። «ለመጨረሻ ጊዜ...»

«አለኝ» አልኩ። ድምፄ የኔ አልመሰለኝም።

«በምን ላይ?»

«በሁለተኛው መስመር ላይ።»

ሚስተር ፔልሃም ጎንበስ ብለው አዩ። «ይኼ ያንተው ቤት አይደለም?»

«ነው። አምስት ብዬ ጽፌያለሁ። ሦስት ነው። ዲዋን የለኝም። እንግዳ ሲመጣ በረንዳ ላይ አልጋ አወጣለታለሁ። አንድ ዲዋን ልሠራ ጀምሬ ነበር፣ ወደቀ፣ ልጄን ሊገድልብኝ ነበር።»

  ከዚያ ያ የማውቀው ሣቅ መጣ።

«ሃይ! ሕዝብ ሆይ ስማ!» አለ አወደልከሪም። «ጸሐፊያችን ሁለት ክፍል ጠፋበት! ሌባ ገብቶ ነው፣ ፖሊስ ጥሩለት!»

ሣቁ። ይሣቁ፣ ይገባኛል ብዬ ብዕሬን ነከርኩ።

«አንተ አወደልከሪም፣ አታላግጥ!» ሐጃ ዳረሰላም ከሕዝቡ መሐል ወጡ። «ቆጣሪ ግቢህ አይግባ ብለሃል፣ ልክ ነህ። እኔ ግን ሴት ነኝ፤ በየሳምንቱ ለሚስትህ ባቄላ ይዤ እገባለሁ። ስድስት ነው። ሰባተኛው የአህያው ነው። ስምንተኛውን አላህ ያውቀዋል።»

አሁን የሣቁት ሣቅ ሌላ ሣቅ ነው። አንዳንዱ መሬት ላይ ተቀመጠ። የአጎቴ ልጅ ፊት እንደ በርበሬ ቀላ።

«አህያዬ ከብዙ ሰው ይሻላል!» አለ።

«እሱን አልካድኩም፤ ግን ግብር አይከፍልም» አሉ ሐጃ።

አወደልከሪም ወደ ጠረጴዛው መጣ። ዓይኔን አላየም። «ስድስት በል። ግን ሰፋፊ ናቸው ብለህ ጻፍ።»

«ስፋት የሚጻፍበት ዓምድ የለም።»

«በጎኑ ጻፈው።»

በጎኑ ጻፍኩለት፦ «ስድስት። ሰፋፊ።» ጣቱን ቀለም ነክሮ አተመበት።

ከዚያማ ግድቡ ተነደለ። ወረፋው መስጊዱን ዞረ። ጸጉር ቆራጩና ወንድሙ አብረው መጥተው እየተናደዱ ከአራት ወደ ሁለት ወረዱ፤ አንዱ ቀድሞ እንዳይቀንስ እኩል ተናገሩ። አንዱ ሽማግሌ «ሦስት ነበር፣ አሁን በእውነት አራት ሆኗል፣ ሠርቼዋለሁ፣ አትንካብኝ» አሉ። በጎኑ ጻፍኩላቸው። «የሚያፈስ»፣ «የእናቴ»፣ «ግማሹ የወንድሜ» ሁሉም ይጻፍልኝ አለ፣ ሁሉንም ጻፍኩ።

አደም የመጣው ወደ ማብቂያው ነው። «አንድ» አለ። አማቱ ይሆናሉ የተባሉት ሰውዬ እዚያው ነበሩ። «ልጄን ልሰጥህ ያሰብኩት ባለ ጀልባ ስለሆንክ ነበር እንጂ መቼ ክፍልህን ጠየቅሁህ?» ብለው ሄዱ።

ሚስተር ፔልሃም ፎቶግራፍ አላነሡም። ሻይም አልጠጡም። እስኪመሽ ቁጭ ብለው ሰዉን ያዩ ነበር።


ሐሙስ፣ ሰኔ 16

አንድ ሺህ ሁለት መቶ አርባ ክፍል። ስድስት መቶ ሃያ ፓውንድ። ሰማንያ ይጎድላል።

ስብሰባው ላይ ሚስተር ፔልሃም በጣም በትሕትና ተናገሩ። «ይህ በሕይወቴ ካየሁት ሁሉ እውነተኛው መዝገብ ነው። ሰባት መቶ ግን አይደለም። አዝናለሁ።»

 እኔ ነኝ ያጠፋሁት፤ ውሸቱንም እውነቱንም ያመጣሁት እኔው።

«ታጀሲር፣ ዘጠነኛውን አንቀጽ አንብብልን» አሉ ሼኹ። ዓይናቸው ደክሟል የተባሉት ሰውዬ አንቀጹ የት እንዳለ ያውቃሉ!

አነበብኩ። የግብሩን ልክ ምክር ቤቱ በድምፅ ብልጫ መለወጥ ይችላል።

«በክፍል ሰባት ቂርሽ ብንጨምር ስንት ይመጣል?»

በወረቀቱ ጠርዝ አባዛሁ። «ሰባት መቶ ስድስት ፓውንድ ከሰማንያ ቂርሽ።»

«የገዛ ግብራችሁን በገዛ እጃችሁ ልትጨምሩ?» አሉ ሚስተር ፔልሃም።

«ለሰው ካዝና ስንከፍል ሃምሳ ቂርሽም ብዙ ነበር» አሉ ሼኹ። «ለራሳችን ሃምሳ ሰባት ምን አላት? እጃችሁን አውጡ።»

ቀድሞ የወጣው እጅ የአወደልከሪም ነው። «ከሁላችሁ በላይ የምከፍለው እኔ ነኝ» አለ። «ስለዚህ ማንም እንዳይቀድመኝ።» ዘጠኝ ለሦስት። ጸደቀ!

በኡም ሐራዝ ታሪክ ሰው ተሰብስቦ በራሱ ላይ ግብር ሲጥል የመጀመሪያው ነው። አለቅስ ነበር፣ ቃለ ጉባኤው ይበላሻል ብዬ ተውኩት።

ሲወጣ አወደልከሪምን ስለ አደም ጀልባ አነጋገርኩት። «ገዛኋት እንጂ አልሰረቅኋትም» አለ። እውነቱን ነው። የመሻገሪያው ሥልጣን ግን ከሰኔ 24 ጀምሮ የኛ ነው፤ ማን በስንት ይቅዘፍ የሚለውን የመጀመሪያው አጀንዳ አድርጌ አስይዣለሁ። ጀልባዋን ይመልስለት እንደሆነ አላውቅም። የአደም ነገር ከኔ ላይ አይወርድም።


ሐሙስ፣ ሰኔ 23

ረመዳን ከገባ አራተኛ ቀን። አፌ ደርቋል።

ዛሬ ማልኩ። ቁርአን ላይ እጄን ጭኜ፣ ሼኹ ቆመው፣ አሥራ ሁለቱም ቆመው። ካዝናው ከነገ ጀምሮ የምክር ቤቱ ነው። ሚስተር ፔልሃም ቁልፉን ለሼኹ ሰጡ፤ ሼኹ ተቀበሉና ምን እንደሚያደርጉት ስላላወቁ ጥምጥማቸው ውስጥ ሻጡት።

ከዚያ ሚስተር ፔልሃም መዝገቡን ገለጥ ገለጥ አደረጉ። በየገጹ ስርዝ፣ የጣት አሻራ፣ በየጎኑ «ሰፋፊ»፣ «የሚያፈስ»፣ «የእናቴ»። «ካርቱም ይህን ሲያዩ ምን ይላሉ?» አሉ። «ጽሕፈትህ ቆንጆ ነው። ንጹሕ ቅጂ አውጣለትና እሱን እንላክ።»

አንድ ሌሊት ቢፈጅ ነው። ከወር በፊት ቢሆን ደስ እያለኝ አደርገው ነበር።

«አይሆንም» አልኳቸው። እንግሊዝን አይሆንም ስል የመጀመሪያዬ ነው። «የማልኩት በዚህኛው ነው። ንጹሑ ቅጂ እነዚህ ሰዎች ሦስት አሉ ብቻ ይላል፤ ሦስት ማለት ለማንም ቀላል ነው። ይኼኛው ግን መጀመሪያ አምስት ማለታቸውን፣ ከዚያ በከተማው ፊት ቆመው መመለሳቸውን ይናገራል። እሱን ካርቱምም ይወቀው።»

ሚስተር ፔልሃም አንዱን ስርዝ በጣታቸው ነካ አድርገው ቀለሙ መድረቁን አዩ። ማኅተሙን አውጥተው እፍ አሉበትና መቱት።

የከሰዓቱ ባቡር ይዞት ሄደ። እኔው ራሴ ጣቢያ አደረስኩት፤ ለአንድ ወረቀት ተላላኪ ይበቃል ብለውኝ ነበር፣ እምቢ አልኩ። ካርቱም ያለ አንድ ጸሐፊ ነገ ገልጦ ይሥቅ ይሆናል። ይሣቅ። አራት መቶ አሥራ አንድ መስመር አለው፤ ሦስት መቶ ስድሳ ስምንቱ ተሰርዟል፤ ካየሁት መዝገብ ሁሉ የሚያምረው እሱ ነው። በየመስመሩ ያለው ስርዝ ተጣሟል፣ ሰዉ ተጋፍቶኝ ነበርና። ሁለተኛው ላይ ያለው ብቻ ቀጥ ያለ ነው። እሱን በማስመሪያ ነው የሰረዝኩት።